ክንድ ያልቃል፦ በምናባዊ የቤዝቦል ሊግ የወርዋሪዎች አያያዝ ሲዳሰስ

ቅዳሜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው የፋንታሲው (በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚቆጠርበት ምናባዊ ሊግ) በር ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱባቸው ወራት፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት፣ 8 ሰዓት ይሆናል። በአዲስ አበባም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በወገዳ፣ ስልክ ይዞ ቡድን የሚያሰልፍ ወጣት ከዚያ ሰዓት በፊት መወሰን ያለበትን ይወስናል። አምበሉን ይመርጣል፤ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ቤንች ላይ በስንተኛ ተራ እንደሚቀመጥ ያስተካክላል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢጸጸት ምንም አይለወጥም። ኔትወርክ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ ቡድኑ በተሰለፈበት ይጫወታል።

ይህ ሁሉ ልማድ የተወለደው ከእግር ኳስ አይደለም፤ መነሻው አሜሪካ፣ ጨዋታውም ቤዝቦል ነው። በቤዝቦል ደግሞ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የወርዋሪዎች አያያዝ ነው። ማን ይጀምር? መቼ ይውጣ? ማን ይተካው? ማንስ ዛሬ ይረፍ? ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ በሜዳ ላይ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ደግሞ በካርድና በዳይስ፣ በወረቀትና በኮምፒውተር ሲያከራክር ኖሯል። በዚህ ዳሰሳ የክርክሩን ዋና ዋና ወገኖች እናያለን፤ በየሳምንቱ ቡድን ለሚያሰልፈው አንባቢያችን ምን ትምህርት እንደሚሆንም እንመረምራለን። መደምደሚያውን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ጎበዝ አሰልጣኝ ማለት እርሱ በሌለበት ሰዓት ጭምር የሚሠራ አሰላለፍ ትቶ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለ አሰላለፍ የሚገኘውም ድካምን አስቀድሞ ከመቁጠር ነው።

ከዳይስ እስከ ስልክ

በ1951 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሳይትዝ የተባለ ሰው ከፔንሲልቬኒያ አፕባ የተሰኘውን የቤዝቦል የካርድ ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። እያንዳንዱ ካርድ የአንድ እውነተኛ ተጫዋች የዓመት ውጤት ማሳያ ነበር፤ ወርዋሪዎችም ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየተባሉ በደረጃ ይመደቡ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ሃል ሪችማን ስትራት ኦ ማቲክን አወጣ። በዚህኛው ጨዋታ በወርዋሪው ካርድ ላይ የድካም ቁጥር አለ፤ ወርዋሪው ከዚያ ኢኒንግ (የጨዋታው ክፍል) ካለፈ በኋላ ሊደክም ይችላል፣ ከደከመም መቺዎች በቀላሉ ይመቱታል። ጠረጴዛ ላይ ዳይስ የሚጥል ልጅ የወረቀት ሰውም እንደሚደክም ከዚህ ተማረ።

ሁለተኛው መንገድ በ1980 ተከፈተ። ጸሐፊው ዳንኤል ኦክረንት ከወዳጆቹ ጋር በኒውዮርክ ላ ሮቲሰሪ ፍራንሴዝ በተባለ ምግብ ቤት ይገናኝ ነበርና ሊጋቸውን ሮቲሰሪ አሉት። በተለመደው የሮቲሰሪ ደንብ እያንዳንዱ ባለቡድን በ260 ዶላር በጀት 23 ተጫዋቾች በጨረታ ይገዛል፤ ከ23ቱ 9ኙ ወርዋሪዎች ናቸው። እዚህ ዳይስ የለም፤ ነጥቡ የሚመጣው ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ ዛሬ ከሚሠሩት ነው። ይኸው ሐሳብ ውቅያኖስ ተሻግሮ በጣሊያን ሪካርዶ አልቢኒ ፋንታካልቾ አለው፤ በ1991 ደግሞ አንድሩ ዌይንስቲን በእንግሊዝ ፋንታሲ ሊግን ጀመረ። ዛሬ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚጫወቱት የፕሪሚየር ሊጉ ኦፊሴላዊ ፋንታሲ በ2002 ሲከፈት ዘሩ ከዚያ የኒውዮርክ ገበታ የመጣ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የኮምፒውተሩ ነው። ጀርመናዊው ማርኩስ ሃይንሶን የፈጠረው አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተጫዋቹን የአንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ወርዋሪው በኳሱ ኃይል፣ በኳሱ እንቅስቃሴ፣ በቁጥጥሩና በጽናቱ ይመዘናል፤ ድካሙ ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ይሸጋገራል፤ ሊጎዳም ይችላል። ብዙ ሰዎች በአንድ ላይ በሚጫወቱባቸው ሊጎች የሊጉ ኃላፊ የብዙ ቀናት ጨዋታዎችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ባለቡድኑ ያን ጊዜ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቡድኑን የሚመራው ትቶት የሄደው ትእዛዝ ነው።

ወርዋሪ ማን ነው?

ቤዝቦልን ላላየ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ የሚከላከለው ቡድን ሦስት መቺዎችን ማስወጣት አለበት፤ በድምሩ 27። ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ከ18.44 ሜትር ርቀት፣ ከፍ ካለ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች ከሞላ ጎደል በየቀኑ ይሰለፋሉ። ጀማሪ ወርዋሪ ግን አንድ ቀን ወደ መቶ ኳስ ይወረውርና አራት ቀን ያርፋል። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ በስድስት ወር ግድም ውስጥ ለአንድ ቡድን 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ አምስት ጀማሪዎች ያስፈልጋሉ፤ ከእነርሱ ጀርባ ደግሞ ቡልፐን በሚባለው ስፍራ እየተሟሟቁ ተራቸውን የሚጠብቁ ተተኪዎች አሉ። አሁን ባለው ደንብ ከ26ቱ ተጫዋቾች ወርዋሪዎች ከ13 መብለጥ አይችሉም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1884 ቻርልስ ራድበርን የተባለ ወርዋሪ ለፕሮቪደንስ ቡድን በአንድ ዓመት 678 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወርውሯል፤ 73 ጨዋታዎችን ከጀመረ በኋላ ራሱ ጨርሷል። ከ1890 እስከ 1911 የተጫወተው ሳይ ያንግ 749 ጨዋታዎችን ጀምሮ ጨርሷል። ዛሬ በመላው ሜጀር ሊግ የሚገኙት ሠላሳ ቡድኖች በአንድ ዓመት ተደምረው እንዲህ ያለ ሙሉ ጨዋታ ሃምሳ ጊዜ አይሞላላቸውም።

ለውጡን ያመጣው የኳሱ ፍጥነትና የክንዱ አጥንት፣ ጅማትና ጡንቻ ነው። መስከረም 25 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላኛው እጁ በተወሰደ ጅማት ተካለት። ቶሚ ጆን አንድ ዓመት ከግማሽ ገደማ ከሜዳ ርቆ ተመለሰና እስከ 1989 ወረወረ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ክንድ እንደሚያልቅ፣ ተጠግኖም እንደሚመለስ፣ ዳግመኛም ሊበጠስ እንደሚችል ሁሉም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በ2014 ለሕፃናትና ለወጣቶች የወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 11 እና 12 የሆኑ ልጆች በቀን ከ85 ኳስ በላይ እንዳይወረውሩ፣ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወሩም አራት ቀን እንዲያርፉ ይመክራል።

ሒሳቡ

በምናባዊ ሊግ ቡድን የሚመራ ሰው ከሁሉ በፊት እስክሪብቶ ያንሳ። 162 ጨዋታ በ9 ኢኒንግ ሲባዛ 1,458 ኢኒንግ ነው። ጀማሪዎቹ በአማካይ አምስት ኢኒንግ ተኩል ከሄዱ 891 ይሸፍናሉ፤ ለቡልፐኑ 567 ይቀራል። ስምንት ተተኪዎች ካሉ ለእያንዳንዱ 71 ግድም ይደርሰዋል። ጀማሪዎቹ ስድስት ኢኒንግ ቢሄዱ ግን ለቡልፐኑ የሚቀረው 486 ነው፤ ለአንድ ሰው 61 ያህል። በጀማሪው በኩል የተገኘ ግማሽ ኢኒንግ ከእያንዳንዱ ተተኪ ትከሻ ላይ አሥር ኢኒንግ ያወርዳል። ብዙ ባለቡድኖች በነሐሴ ወር ቡልፐናቸው ለምን እንደተሰበረ የሚገርማቸው ይህን ሒሳብ በመጋቢት ስለማይሠሩት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ጀማሪ የወቅቱን አርባ በመቶ ይጀምራሉ። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ኮከብ ላይ አፍስሶ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች የተገኘውን የሚያስቀምጥ ሰው ከአምስት ቀን ሁለቱን አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷል።

የክርክሩ ወገኖች

የመጀመሪያው ክርክር በዕረፍት ላይ ነው። በአሜሪካ ጀማሪው በየአምስተኛው ቀን ይወረውራል። በጃፓን ሊግ ደግሞ ሰኞ በአብዛኛው የዕረፍት ቀን ስለሆነና ወቅቱም 143 ጨዋታ ስለሆነ ጀማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ስድስት ጀማሪዎች ያስፈልጋሉ። በኮምፒውተር ሊግ ሁለቱም ይሞከራሉ። የስድስት ሰው ዙር ጉዳትን ይቀንሳል፣ ነገር ግን ከአንደኛው ኮከብ በወቅቱ ውስጥ አምስት ያህል ጨዋታ ይወስዳል። ስድስተኛው ሰው ደካማ ከሆነ ዋጋው ይከብዳል። ስለዚህ የስድስት ሰው ዙር የሚያዋጣው ስድስተኛው ከአምስተኛው ብዙም ለማያንስበት ቡድን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ጀማሪው መቼ ይውጣ የሚለው ነው። መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ጊዜ በተሻለ እንደሚመቱት በብዙ ዓመታት መረጃ ተረጋግጧል። ከዚያ ሕግ የተነሣ በጥቅምት 27 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በዓመቱ የፍጻሜ ውድድር፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ አሰልጣኝ ኬቪን ካሽ ብሌክ ስኔልን አወጣው። ስኔል 73 ኳስ ብቻ ወርውሯል፤ 9 መቺ በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ፣ አስወጥቷል፤ ቡድኑም 1 ለ 0 ይመራ ነበር። የተካው ኒክ አንደርሰን መሪነቱን አስረከበ፤ ተጋጣሚው ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ብዙዎች ቁጥር ሰውን አሳወረ ብለው ጮኹ። ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚያይ ግን ጥያቄው ሕጉ ትክክል ነው ወይ ብቻ አልነበረም፤ የገባው ተተኪ በዚያ ወር ስንት ጊዜ ወርውሮ ደክሞ ነበር የሚለውም ጭምር ነው። አንደርሰን በዚያ የድኅረ ወቅት ውድድር በተደጋጋሚ ነጥብ ሲቆጠርበት የቆየ ሰው ነበር። ማን ይውጣ ብሎ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ማን ይግባ ብሎም እኩል መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ክርክር በተተኪዎች አጠቃቀም ላይ ነው። በ1988 የኦክላንዱ አሰልጣኝ ቶኒ ላሩሳ ዴኒስ ኤከርስሊን ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ኤከርስሊም በዚያ ዓመት 45 ጨዋታ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ወርዋሪ ‘ክሎዘር’ ተብሎ ለመጨረሻው ኢኒንግ መጠበቁ ሥርዓት ሆነ። ጉዳቱ በ2016 ታየ። የባልቲሞሩ ዛክ ብሪተን በዚያ ዓመት 47 ጊዜ ሊዘጋ ወጥቶ 47ቱንም ዘግቷል። ከቶሮንቶ ጋር በተደረገው የሞት ሽረት ጨዋታ ግን ቡድኑ እየመራ የሚዘጋ ዘጠነኛ ኢኒንግ ስላልመጣ እስከ መጨረሻው ቡልፐን ውስጥ ተቀመጠ። ባልቲሞር በአሥራ አንደኛው ኢኒንግ 5 ለ 2 ተሸነፈ። በዚያው የድኅረ ወቅት ውድድር የክሊቭላንዱ ቴሪ ፍራንኮና ምርጡን ተተኪውን አንድሩ ሚለርን በአምስተኛውም በስድስተኛውም ኢኒንግ፣ አደጋው በመጣበት ሰዓት ሁሉ ያስገባው ነበር፤ ሚለር የአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮና ኮከብ ተባለ።

በምናባዊ ሊግ ይህ ክርክር እንደ ደንቡ መልኩን ይለውጣል። በሮቲሰሪ ዓይነት ሊግ ‘ሴቭ’ (መሪነትን ጠብቆ ጨዋታን መዝጋት) ራሱ ነጥብ ስለሚያስገኝ ዘጠነኛውን ኢኒንግ የሚይዝ ሰው ዋጋው ይንራል። በኮምፒውተር ሊግ ግን የሚቆጠረው ማሸነፍ ነው፤ ስለዚህ ምርጡን ተተኪ ለዘጠነኛው ብቻ ማሰር ብክነት ነው። ደንቡን ሳያነቡ የሌላውን ሊግ ልማድ ይዞ መግባት የጀማሪ ባለቡድኖች የተለመደ ስሕተት ነው።

አራተኛው ክርክር ወርዋሪን በምን እንመዝን የሚለው ነው። በ2001 ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር ጻፈ። የተመታ ኳስ ሜዳ ውስጥ ከወደቀ በኋላ የሚሆነውን ወርዋሪው ብዙም አይቆጣጠረውም፤ በእጁ ያሉት ስትራይክአውት፣ ዎክ (መቺው በነፃ ማለፉ) እና ሆም ራን (ኳሱ ከሜዳው ውጭ መመታቱ) ናቸው አለ። ቶም ታንጎ ይህን ወደ ቀላል ስሌት ለወጠው፤ ለእያንዳንዱ ሆም ራን 13፣ በነፃ ለሚያልፍ ወይም በኳስ ለተመታ መቺ 3 ይደመራል፣ ለስትራይክአውት 2 ይቀነሳል፣ ድምሩ ለኢኒንጉ ይካፈላል፤ ቋሚ ቁጥርም ይጨመርበታል። ይህን የያዘ ባለቡድን አሥር አሸንፎ ሁለት የተሸነፈን ወርዋሪ ዝም ብሎ አይገዛም፤ ሁለት አሸንፎ አሥር የተሸነፈንም ዝም ብሎ አይጥልም። ከጀርባው የቆሙት ተከላካዮች ያተረፉለትን ወይም ያከሰሩበትን ከራሱ ሥራ ይለያል።

የስትራስበርግ ክንድ

ክርክሩ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የተሰበሰበበት ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚገኙበት ከተማ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ወርዋሪ ስቲፈን ስትራስበርግ ሰኔ 8 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 14 መቺዎችን በስትራይክአውት አስወጣ። ሁለት ወር ግድም ቆይቶ ክርኑ ተጎዳ፤ የቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2012 ሙሉ በሙሉ ሲመለስ የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ የሚወረውረው ኢኒንግ ገደብ እንደሚኖረው አስቀድሞ ተናገረ። ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ 15 አሸንፎ 6 የተሸነፈው ስትራስበርግ በ159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ላይ በመስከረም ወር እንዲያቆም ተደረገ። ቡድኑ በጥሎ ማለፉ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 መርቶ በሴንት ሉዊስ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ከተማው ተቆጣ፤ ዋንጫን ያህል ነገር ለወደፊት ክንድ ይለወጣል ወይ ተባለ።

በ2019 ያው ክንድ በወቅቱ 209 ኢኒንግ ወረወረ። በድኅረ ወቅቱ አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ በወርልድ ሲሪስ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ኮከብ ተባለ። የዚያ ቡድን ቡልፐን በወቅቱ ከናሽናል ሊግ ቡድኖች ሁሉ የከፋ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ያንን አውቆ ጀማሪዎቹን እንደ ተተኪም ተጠቀመባቸው። ማክስ ሸርዘር በአንገት ሕመም አምስተኛውን ጨዋታ መጀመር አቅቶት ቀረ፤ ሰባተኛውን ግን ጀመረና 5 ኢኒንግ ሄደ፤ ሌላው ጀማሪ ፓትሪክ ኮርቢን ገብቶ 3 ያዘ፤ ዳንኤል ሃድሰን ዘጋው። ውጤቱ 6 ለ 2 ሆነ፤ ዋንጫው ለናሽናልስ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። ስትራስበርግ በታኅሣሥ 2019 የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከፈረመ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2024 ጡረታ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ የትኛው ወገን ነው የረታው? በ2012 ክንዱን ማዳን ትክክል ነበር የሚሉ 2019ን ይጠቅሳሉ። ስሕተት ነበር የሚሉ ደግሞ በመጨረሻም ክንዱ ማለቁን ያስታውሳሉ። በእኔ ዕይታ የሁለቱም ክርክር ግማሽ ነው። ዕረፍት ክንድን ዘላለማዊ አያደርግም፤ የክንዱን ምርጥ ቀን ወደሚያስፈልግበት ቀን ያደርሳል። ማርቲኔዝ በጥቅምት ጀማሪዎቹን እስከ ዳር የገፋው ወቅቱ ከዚያ በኋላ ስለማይቀጥል ነው። በሚያዝያ እንዲሁ ቢያደርግ ጥቅምት ላይ ባልደረሰም። መጠኑን የሚወስነው የቀረው መንገድ ርዝመት ነው።

በእኛ ዘንድ

ሥራን በብዙ ሰዎች ላይ ማከፋፈል ለእኛ ባዕድ ትምህርት አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ ደቀ መዝሙር የሚጓዝባት የጋይንቷ ቤተ ልሔም ይህን በማኅሌቷ ታሳያለች። የዓመት በዓል ማኅሌት ሌሊቱን ዘልቆ ንጋት ላይ ይደርሳል። ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ ሆነው ዜማውን ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው እያዳመጠ ያርፋል። ድምፁ ከሁሉ ያማረውን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን የሚያቆም መሪጌታ የለም። ከመነሻው ጸጥ ብሎ የሚጀመረው ዜማ በመጨረሻ ወደ ጽፋት የሚደርሰው አቅም ተቆጥቦ ስለሚቆይ ነው። ጥሩ ቡልፐን የሚመራ አሰልጣኝ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም።

በፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። 15 ተጫዋች በ100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት የማይበልጥ፣ 38 ጌምዊክ። የእኛ ወጣት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በአሥራ አንዱ ላይ ያፈስስና ቤንቹን በማይጫወቱ ሰዎች ይሞላዋል። ታኅሣሥ ሲደርስ፣ ጨዋታ በሦስትና በአራት ቀን ሲደራረብ፣ አሰልጣኞች ኮከቦቻቸውን ማሳረፍ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ቤንቹ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ትራንስፈር በትራንስፈር ላይ፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ትራንስፈር 4 ነጥብ እየተቀነሰ። ከ2024/25 ጀምሮ ያልተጠቀሙበት ነፃ ትራንስፈር እስከ አምስት ድረስ እንዲጠራቀም መደረጉ ለትዕግሥተኛው ትልቅ ጥቅም ነው። የሚጫወት ርካሽ ተከላካይ ቤንች ላይ ማስቀመጥ፣ ሜዳቸው ላይ በተለያየ ሳምንት የሚጫወቱ ሁለት በረኞች መያዝ፣ የቤንቹን ተራ በጥንቃቄ ማስተካከል፤ እነዚህ ሁሉ የወርዋሪዎች አያያዝ የእግር ኳስ ዘመዶች ናቸው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይጠቅሙታል፤ ለሁለት ሳምንት ሳይነካው የሚዘልቅ ቡድን ማለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር መለየት አለበት። ይህ ጨዋታ ከውርርድ ጋር አንድ አይደለም። ፋንታሲው በነፃ ይገባበታል፤ ትርፉ ዕውቀት፣ ወዳጅነትና የሰኞ ክርክር ነው። በየከተማው የተከፈቱት የውርርድ ቤቶች ግን በአንድ ቀን ውጤት ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ። የወቅትን ርዝመት አስልቶ መጫወትን የለመደ ወጣት በአንድ ቅዳሜ ሀብታም እሆናለሁ ብሎ የቤት ኪራዩን ለማስያዝ እንደማይቸኩል አምናለሁ።

ለእውነተኛው ሜዳችንም ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ልዩነት የሚጫወቱበት አካሄድ ሲከተል ቆይቷል። እንዲህ ባለ ውድድር ውስጥ የእያንዳንዱን ተጫዋች የጨዋታ ደቂቃ መዝግቦ፣ ማን መቼ እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚወስን ክለብ ከተፎካካሪው ይልቅ በመጨረሻው ዙር ትኩስ እግር ይኖረዋል።

ፍርዱ

ከመቶ ዓመቱ የሜዳ ልምድና ከሰባ ዓመቱ የምናብ ልምድ የሚጨመቀው ይህ ነው። ወቅቱ ሳይጀመር ኢኒንጉን ወይም ደቂቃውን ደምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ያካፍሉ። ከኮከቡ በፊት አራተኛውንና አምስተኛውን ሰው ያስተካክሉ። ምርጡን ተተኪ ለተወሰነ ሰዓት ሳይሆን ለከፋው ሰዓት ያስቀምጡ፤ ሊጉ ‘ሴቭ’ የሚቆጥር ከሆነ ብቻ ለዘጠነኛው ኢኒንግ ይጠብቁት። ሰውን በአንድ ሳምንት ውጤት አይመዝኑ፤ በእጁ ባለው ሥራ ይመዝኑ። ሁለት ቀን ተከታትሎ የወረወረውን በሦስተኛው ቀን አያስገቡ፤ የመጨረሻው ሳምንት እስካልሆነ ድረስ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ እኔ እስከሚቀጥለው ሳምንት ባልደርስ ይህ አሰላለፍ ብቻውን ይዘልቃል? መልሱ አይዘልቅም ከሆነ ቡድኑ ገና አልተሰለፈም።

ልጆቻቸውን በየሰፈሩ ሜዳ ለሚያሠለጥኑ ሁሉ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። በኮምፒውተር የተሰበረ ክንድ ጨዋታውን ዳግም በማስጀመር ይመለሳል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጉልበትና ክርን ግን አይመለስም። ቆጥራችሁ አጫውቷቸው፤ ቆጥራችሁም አሳርፏቸው።